አያቴ የጨመሩት ውሃ

እኔ ልጅ ሆኜ፣ ኮምቦልቻ ባለችው ሁለት ክፍል ቤታችን መብራት ሲጠፋ የሚደሰቱ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እኔና እህቴ ሰዓዳ። አባታችን ክር ፋብሪካ የማታ ፈረቃ ይገባ ስለነበር፣ በመግሪብና በኢሻ ሶላት መካከል ቤቱ የአያታችን የአባ ይማም ነበር። እናታችን እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስላረፈች፣ ከኛ ጋር ኖረው ያሳደጉን አባቷ ናቸው። ፋኖሱን ለኩሰው መስኮቱ ላይ ያስቀምጡታል፤ ብርጭቆው አንድ ጎኑ በጥላሸት ስለጠቆረ ከፊታቸው የሚታየን ግማሹ ብቻ ነበር። ከዚያ የከሰል ምድጃውን ወደ እግራቸው ሳብ አድርገው፣ ፍሙን በሽቦ እየቆሰቆሱ፣ ጭሱ ዓይናችንን ሲያቃጥለን «አብሽሩ፣ አሁን ይጠራል» እያሉ ይጀምሩልናል።

አባ ይማም በወጣትነታቸው ግመል ነጂ ነበሩ። ከባቲ ተነስተው ወደ በረሃው ይወርዱና ጨው አስጭነው ይመለሳሉ። ብዙ ያወሩልን ነበር፤ ሰዓዳ የምትወደው ግን አንዱን ነው። ያኔ እሷ አስራ አራት ዓመቷ ነበር፣ እኔ ሰባት።

በልግ ዘንቦ ያለፈ ሰሞን በረሃው እንደ ሰርግ ቤት ይደምቃል ይሉናል። አሸዋው ሲያዩት የሞተ ነው፤ ሁለት ዝናብ ካገኘ ግን በሳምንቱ ከጠጠሩ መሃል ቢጫው አበባ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ነጩ፣ ከዚያ ግመል እንኳ የማይቀምሰው ሐምራዊው። አንድ ዓመት ታዲያ ነጋዴዎቹ መንገድ ሳቱ። ውሃው አለቀ፣ ግመሎቹ ተንበረከኩ። አብራቸው የነበረች አንዲት ሙሽራ ብቻ ተነስታ አበባውን ተከትላ ሄደች፤ ከአንዱ ወደሚቀጥለው፣ ከሳሳው ወደ በዛው፣ በመጨረሻም ድንጋይ ስር የሚንቆረቆር ምንጭ አግኝታ ሁሉንም አተረፈቻቸው።

ሰዓዳ ሁሌም እዚህ ላይ ታቋርጣቸዋለች። «አባ፣ ሙሽራዋ አልፈራችም?»

«ምን ያስፈራታል? አበባ ባለበት ውሃ አለ።»

ሰዓዳ አስረኛ ክፍልን ስትጨርስ አባታችን ያለበት ፋብሪካ ገባች። ሁለት ዓመት ሠራች። የጥጡ ብናኝ ጉሮሮዋ ውስጥ ቀርቶ፣ ማታ ማታ እሷና አባቴ በየተራ ሲያስሉ እሰማ ነበር። የሰፈሯ ልጆች አንድ በአንድ ወደ ዓረብ አገር ሄደው ሲያልቁ እሷም ልቧ ሸፈተ።

አንድ ቅዳሜ ቦርከና ወንዝ ዳር ልብስ እያጠብን ነገረችኝ። አስራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

«ለይላ፣ ለማንም አልናገርም በዪ። ወላሂ በዪ።»

«ወላሂ።»

«የፊታችን ሰኞ ነው የምንሄደው። ደላላው ትንሽ ቆዩ ብሎ ነበር፤ እኔ ነኝ አይሆንም ያልኩት። አሁን ዘንቧል፣ አበባው ወጥቷል።» ሳቀች፤ ስትስቅ የፊት ጥርሶቿ መሃል ያለው ክፍተት ይታያል። «በዚህ ጊዜ ውሃ አያሳስብም።»

ሰኞ ማታ አባቴ የት ሄደች ብሎ ጠየቀኝ። ደሴ ጓደኛዋ ጋ ነች አልኩት። ማክሰኞም ጠየቀኝ፣ ያንኑ መለስኩለት። ረቡዕ ዕለት ደሴ ወጥቶ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር ያለችውን ጓደኛዋን አግኝቶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ተመለሰ። እኔንም ዋሽታኛለች ብዬ አለቀስኩ። አመነኝ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ኸድጃ የምትባል የደሴ ዙሪያ ልጅ፣ እግሯ በጨርቅ እንደተጠቀለለ፣ ቤታችን መጣች። አብራቸው ሄዳ ታማ የቀረች ናት፤ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አዝኖላት ነው የመለሳት። አባቴና አባ ይማም ፊት ተቀምጣ፣ መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች።

«ባቲ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ቀን አቆዩን። ከዚያ በመኪና ወስደው ከአስፋልቱ አወረዱንና በእግር ሆነ። በሁለተኛው ቀን ውሃችን አለቀ። መሪው፣ ፀሐዩ እስኪበርድ ግራሩ ስር ተቀመጡ አለን። ከጉብታው ወዲያ ቢጫ ሜዳ ይታይ ነበር። ሰዓዳ አበባ ባለበት ውሃ አለ፣ አያቴ ያውቃሉ ብላ ጀሪካን ይዛ ተነሳች። ጠራናት። እጇን አውለበለበችልን። ከዚያ በኋላ አላየናትም፤ መሪው አንጠብቅም ብሎ ጥለናት ሄድን።»

«ሦስት ቀን ባቲ ነበረች?» አለ አባቴ። ባቲ ከኛ ቤት አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ናት።

አባ ይማም ግን ሌላ ነገር ነበር የሰሙት። መቁጠሪያቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ውሃ አልነበረም» አሉ። «ሙሽራዋ ሄዳ አልተመለሰችም። እኔ የማውቀው ይህንን ነው። አበባው እኮ ውሃውን ጠጥቶ የጨረሰ ነው። ልጆቹ አልቅሰው እንዳይተኙ ብዬ ውሃውን እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

አባቴ ተነስቶ፣ የወደቀውን መቁጠሪያ ተሻግሮ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ሦስታችንም ወረድን፤ መንገዱን የሚያውቁት አባ ይማም ስለሆኑ፣ አባቴም እኔን ብቻዬን ትቶ የሚሄድበት ቤት ስላልነበረ። ኸድጃ ከነገረችን ቦታ ላይ ከመኪና ወርደን በጠዋት መራመድ ጀመርን። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ውበት አይቼ አላውቅም፣ ዛሬም ድረስ ይህንን ለራሴ መናገር ያሳፍረኛል። ጥቋቁሩ ድንጋይ መሃል ቢጫው አበባ እስከ ዓይን ዳርቻ ተዘርግቷል፤ ደረቁ የወንዝ መሄጃ ግራና ቀኙን ነጭ ለብሷል፣ ንቡ ይጮኻል፣ ሞቃቱ ንፋስ የማር ሽታ ያመጣል። በመጀመሪያ አበባ እንዳልረግጥ እየዘለልኩ ሄድኩ። በኋላ እያየሁ፣ አውቄ፣ እረግጠው ጀመር። ቤት ውስጥ ግድግዳ ይዘው የሚሄዱት አባ ይማም ከፊታችን ይራመዱ ነበር፤ አባቴ ከኋላቸው።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ፍየል የሚጠብቅ አንድ አፋር ሽማግሌ አገኘን። አባ ይማም የድሮውን አፋርኛቸውን ለቃቅመው አናገሩት። ሰውዬው እኔን አየ፣ ከዚያ አባቴን አየ፣ በእጁም ተከተሉኝ አለን። የአበባው ሜዳ አጠገብ የድንጋይ ክምር ነበር። ከልጆቹ ጋር ሆኖ የቀበራት እሱ ነው፤ ሙስሊም መሆኗን በሻሿ አውቀው ሶላት ሰግደውባታል። ጀሪካኗ ራስጌዋ ላይ ባዶዋን ቆማለች።

አባቴና አያቴ ጎን ለጎን ቆመው ዱዓ አደረጉ። በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚያስቆም ቦታ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ተረት አልተነገረም። አባቴ አባ ይማምን የሚያናግራቸው በኔ በኩል ነበር፤ «በልተው እንደሆን ጠይቂያቸው»፣ «መድኃኒታቸውን ስጫቸው»። እንዲህ ሆነው ሁለት ዓመት ኖሩ። ሊሞቱ ሰሞን አንድ ከሰዓት እጄን ያዙኝ።

«አባትሽ አውፍ ብሎ ይቅር አይለኝም፣ አውቃለሁ። አንቺስ ለይላ፣ አውፍ ብለሽኛል?»

የባቲን ሦስት ቀን ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። እኔ ተናግሬ ቢሆን አባቴ ማክሰኞ ዕለት ሄዶ ያወጣት እንደነበረ፣ ከሳቸው ውሃ ይልቅ የኔ ውሸት እንደገደላት ልነግራቸው ይገባኝ ነበር።

«አውፍ ብዬዎታለሁ፣ አባ» አልኳቸው። መረቁኝ።

አሁን ደሴ አስተማሪ ነኝ። ከነዚያ ምሽቶች ምን ቀረልኝ ብዬ ሳስብ የተረቶቹ አብዛኛው ጠፍቶብኛል፤ ድምፃቸው እንኳ እየራቀኝ ነው። የቀረኝ፣ ለኛ ብለው ባደረጉት ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ ሲቀጡ አጠገባቸው ሆኜ ማየቴ ነው።

ዘንድሮ ለኢድ አባቴ ጋ ወረድኩ። አርጅቷል፣ ሳሉም አለቀቀውም። ከምሳ በኋላ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ «ያ ሽማግሌ ባይኖር ልጄ ዛሬ በሕይወት ነበረች» አለ።

«አባዬ» አልኩ፣ «ባቲ ላይ...»

«ምን?»

ፊቱን አየሁት። ከልጆቹ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ሻይ ልድገምልህ ወይ?»

ብርጭቆውን ዘረጋልኝ፣ ቀዳሁለት።