የካርላ ሐይቅ በቤድፎርድ ግድግዳ ላይ

አሜሪካ፣ ጋርላንድ ከተማ ውስጥ የግድግዳ ሥዕል ሥራ የጀመርኩ ዕለት ብሩሽ አልነካሁም። አሠሪዬ ጋሽ ወርቁ ባልዲና ስፖንጅ ሰጡኝና የአንድ ጎማ ቤት ግድግዳ እንዳጥብ አዘዙኝ። ክው አልኩ። እኔ ሐረር ሳለሁ የሱቅ ታፔላ ጽፌ፣ የፀጉር ቤት በር ላይ ቆንጆ ሥዬ ስም ያወጣሁ ሴት ነኝ። አሜሪካ ድረስ የመጣሁት ግድግዳ ላጥብ ነው?

ጋሽ ወርቁ ፊቴን አይተው ሳቁ። «ሶ፣ ሙልዬ፣ እዚህ አገር ግድግዳው ቅባት ነው። ካላጠብሽው ቀለሙ ዓመት ሳይሞላው ፒል አድርጎ ይላጣል። ደንበኛው ደግሞ ኮል የሚያደርገው ለኔ ነው» አሉኝ።

በእሳቸው ቤት ማዕረግ ነበር። መጀመሪያ አጣቢ፣ ቀጥሎ ፕራይመር የሚባለውን መነሻ ቀለም ቀቢ፣ ከዚያ መስመር አስማሪ፣ በመጨረሻ ሠዓሊ። ትንሹን ሥዕል በእርሳስ ካሬ ካሬ እናደርገዋለን። ግድግዳውንም ሰማያዊ የጠመኔ ዱቄት በተቀባ ክር እንደዚያው እንከፋፍለዋለን። ከዚያ አንዱን ካሬ ወደ አንዱ ማሻገር ነው። ሲወራ ቀላል ነው፤ አንገትና ወገብ ግን ይጨርሳል። ሠዓሊ እስክባል ዓመታት ፈጀብኝ።

አቅራቢያችን ባለችው ቤድፎርድ ከተማ የሠራነው ሥራ የመጣው እንደ ፈረንጆቹ በሁለት ሺህ ስምንት፣ ሥራ በጠፋበት ሰሞን ነው። ኮስታስ የሚባል ግሪካዊ ሬስቶራንት ሊከፍት ነበር። ሲናገር እጁ አያርፍም። ዋናው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የትውልድ ክፍለ አገሩ የቴሳሊ ካርታ እንዲሆንለት ፈለገ። ለቱሪስት የታተመ ካርታ ሰጠንና ማብራራት ጀመረ።

ቴሳሊ መሐሉ ለጥ ያለ ሜዳ፣ ዙሪያው ተራራ ነው። በሰሜን ኦሊምፐስ፣ በምዕራብ ፒንዱስ፣ በምሥራቅ ኦሳ እና ፔሊዮን ቆመዋል። ፒኒዮስ የሚባል ወንዝ ሜዳውን አቋርጦ በጠባብ ሸለቆ ሾልኮ ወደ ባሕር ይወጣል። በደቡብ ምሥራቅ ቮሎስ የሚባል ወደብ አለ። የጥንት አማልክት ኦሊምፐስ ላይ ይኖሩ ነበር አለኝ። ፔሊዮን ላይ ደግሞ ግማሽ ሰው ግማሽ ፈረስ የሆኑ ፍጡራን ነበሩ ሲለኝ፣ ይቀልድ እንደሆነ ብዬ ቀና አልኩ። አልሳቀም። እኔም ሣልኳቸው።

በጣም ያስደነገጠኝ ሜቴኦራ ነው። ፎቶውን ሲያሳየኝ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ቀጥ ብለው በቆሙ አለቶች ጫፍ ላይ ገዳማት ተቀምጠዋል። ደረጃ ሳይፈለፈልላቸው በፊት መነኮሳቱ መረብ ውስጥ ገብተው በገመድ ይጎተቱ ነበር አሉ።

«ጋሽ ወርቁ! ደብረ ዳሞ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ኧረ ቀስ! ላደር ላይ ነኝ እኮ! ሃርት አታክ ልትሰጪኝ ነው እንዴ?»

ሜዳውን የሣልኩት መጨረሻ ነው። ካርታው ላይ ምሥራቁ የጥጥ እርሻ ነበር፤ እኔም ከፔሊዮን ግርጌ ጀምሬ አረንጓዴና ነጭ አለበስኩት። ቀለሙ ገና እርጥብ ሳለ ኮስታስ አባቱን ይዞ መጣ። ሥራውን አይተው እንዲደሰቱ ብሎ ነው።

ታናሲስ ይባላሉ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ አዛውንት ናቸው። አባባ አልኳቸው፤ ትርጉሙን ጠይቀው ፈገግ አሉ። ከሜቴኦራ ጀምረው በዝግታ እያዩ መጡና ጥጡ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ውኃው የት አለ?» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

የምን ውኃ ብዬ ሳልጨርስ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው የዕለቱን ሥራዬን ጠረጉት። እንደ ጠረጴዛ! ጥጡ ተጨማልቆ ወደ ተራራው ሄደ። እኔ ብሩሹን እንደያዝኩ ወደ ኋላ አልኩ።

ኮስታስ እየጮኸ መጣ። በግሪክኛ ተናነቁ። ቋንቋውን ባላውቅም ጠብ መሆኑን ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም። በመጨረሻ ኮስታስ ወደ እኛ ዞሮ በእንግሊዝኛ ተናገረ። «ሐይቅ የለም! ካርላ የሚባል ሐይቅ ነበር ይላል፤ እኔ ስወለድ ግን ደርቋል። ጠብታ ውኃ አይቼበት አላውቅም። ያላየሁትን ግድግዳዬ ላይ ልሣል?»

«እንግዲያው የመክፈቻው ቀን አትጠብቀኝ» አሉት አባቱ። «ሐይቄ በሌለበት ቤት አልበላም።»

ኮስታስ ፊቱ ቀላ። እዚህ አገር ከአባቱ ሌላ ዘመድ የለውም። ወደ ማዕድ ቤት ገባ፤ ድስት ሲያጋጭ ይሰማናል።

እኔ ለጋሽ ወርቁ ምን ይሻላል አልኳቸው። «ሊስን፣ እኛ ፋሚሊ ኮርት አይደለንም» አሉ በሹክሹክታ። «ጥጥ ካለ ጥጥ ነው። ፊክስ አድርጊውና እንሂድ።»

አዛውንቱ ግን ጠመኔዬን አንስተው ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። የሐይቁን ቅርጽ ሠሩልኝ። ዓሣ አጥማጆቹ በሸምበቆ ጎጆ ውስጥ ውኃው ላይ ይኖሩ እንደነበር፣ እሳቸውም እዚያ እንዳደጉ ነገሩኝ። ክረምት ሐይቁ ሞልቶ እርሻ ያጠፋል፤ የወባ ትንኝም ይበዛበታል። ስለዚህ መንግሥት አደርቀዋለሁ አለ።

«ሐይቅ እንዴት ይደርቃል?» አልኳቸው።

ከሐይቁ ጫፍ አንድ ቀጭን መስመር አሰመሩ፤ በተራራው ሆድ አልፎ ቮሎስ አጠገብ ባሕሩ ላይ አቆሙት። «በዋሻ። ተራራው ተፈለፈለና ውኃው ወደ ባሕር ሄደ» አሉ። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጠው እጃቸውን አዩት። «እኔ ነኝ የቆፈርኩት።»

መጀመሪያ ያልገባኝ መስሎኝ ነበር። የሐይቁ ልጅ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ሐይቁን?

«መንግሥት በቀን ይከፍላል፤ ዓሣ አንዳንድ ቀን አለ፣ አንዳንድ ቀን የለም። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ቆፈርኩ። ውኃው ሲሄድ ዓሦቹ ጭቃው ላይ ሲዘሉ ቆሜ አየሁ።»

የድስቱ ድምፅ ቆሟል። ኮስታስ በሩ ላይ ነበር፤ ፊቱ ነጭ ሆኗል። «ነፍሰ ጡር? ማንን አርግዛ?» አለ።

«አንተን» አሉት።

ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን አልነገሩትም። ኮስታስ ከፕራይመር ባልዲያችን አንዱ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።  ቀና ሳይል «ሐይቁን ሣይው» አለኝ።

«ዋሻውንም» አሉ አባቱ።

«አባባ፣ ዋሻውን ማን ያውቀዋል? ሰው ግድግዳው የተሰነጠቀ ይመስለዋል!» አልኳቸው።

«ዋሻው ከሌለ ሐይቁ ውሸት ነው።»

ዋሻውን ሣልኩት፤ በትንሿ ብሩሽ፣ በጥቁር።

የሐይቁን ሰማያዊ ግን ማግኘት አቃተኝ። የማውቀው ሐይቅ ሐሮማያን ነው። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ መንገዱ ዳር ተኝቶ አየው ነበር። ጠዋት ጠዋት ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ለማስታወስ ሐረር ያለውን ወንድሜን ደወልኩለት።

 «እንዴ ሙሉ፣ አልሰማሽም?» አለኝ። «ሐሮማያ እኮ ከደረቀ ቆየ። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።»

 ማን አደረቀው ብዬ ጮህኩበት፤ እሱ ያደረቀው ይመስል።

«እርሻው፣ ጫቱ፣ ፓምፑ… ሁሉም ነዋ። የሐረር ቧንቧስ ከየት ይመስልሻል? ስንጠጣው አይደል ያደግነው፤ አንቺም ጭምር።»

 ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም። ጋሽ ወርቁ ምን ሆንሽ ሲሉኝ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው መኪናው ውስጥ ገቡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓት አልቆጠሩብኝም።

በማግሥቱ ሰማያዊውን አባባ ታናሲስ ራሳቸው መረጡ። አራት ጊዜ አስበጠበጡኝ። አምስተኛው ላይ ዓይናቸው እንባ አቀረረና «ይሄ ነው» አሉ። የመክፈቻው ቀን ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው በሉ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ኮስታስ ለጋሽ ወርቁ ደወለ። ደንበኞች ግድግዳህ ተሰንጥቋል እያሉ አስቸግረውታል። ጋሽ ወርቁ ደነገጡ። «ኖ ፕሮብለም፣ ነገ መጥተን እንሸፍነዋለን» አሉት።

የኮስታስ ጩኸት ከስልኩ አልፎ እኔ ዘንድ ደረሰ። «እንዳትነኩት! የደወልኩት ደማቅ አድርጋችሁ እንድትቀቡት ነው። ስንጥቅ አይደለም፣ አባቴ የቆፈረው ነው እያልኩ ለሁሉም እነግራለሁ፤ ግን አይታያቸውም!»

ሄጄ አደመቅኩት።

አሁን እኔም ብሩሽ ከሰቀልኩ ቆይቻለሁ። በዚህ ሙያ ላላችሁ የምለው አንድ ነገር ነው። ደንበኛ አገሬን ሣሉልኝ ሲላችሁ ካርታ ከመቀበላችሁ በፊት የስንት ዓመተ ምሕረቱን አገር ብላችሁ ጠይቁት። አባት ካለው አባቱንም ጠይቁ። ቀለም ከዚያ በኋላ ይበጠበጣል።