ከፍራንክፈርት እስከ ሆከንሃይም በጋሽ ሰዒድ ጋቢና

ከፍራንክፈርቱ ጉትሎይትፊርቴል ሰፈር የተነሣነው የዓለም ዋንጫው ባለቀ ሰሞን፣ ቅዳሜ ማለዳ ነው። ባንዲራዎቹ ገና ከየሰገነቱ አልወረዱም። መድረሻችን ከሆከንሃይም ከተማ ዳር ያለው የመኪና ውድድር ሜዳ ሲሆን ዓላማችን ደግሞ አንድ ነበር፤ ጋሽ ሰዒድ ዓይናቸው ሳይከዳቸው ቀይ መኪናቸውን አንድ ቀን ሜዳ ላይ እንዲነዷት። የዓይን ሐኪማቸው የፈቀደላቸው እስከ መኸር ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መንጃ ፈቃዳቸውን ማስቀመጥ አለባቸው።

እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ መሪ ይዞ የከረመ ሰው ቅዳሜን ደግሞ ሌላው ሲነዳ እያየ ሊያሳልፍ መሄዱ የጤና አይመስለኝም ነበር። የፍጥነት ገደብ የሌለው አውቶባን ደጃችን ላይ ተዘርግቶ እያለ ለምን ሆከንሃይም ድረስ እንደምንሄድም ጠይቄያቸው ነበር።

"አውቶባን ላይማ ማንም ይሮጣል" አሉኝ። "እኔ የምፈልገው ኩርባውን ነው።"

ጋሽ ሰዒድ የደሴ ሰው ናቸው። ዚንድሊንገን አጠገብ ባለው የኬሚካል ፋብሪካ በፈረቃ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። መኪናዋን ያገኟት ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ጎተራ፣ ዶሮ እንቁላል ስትጥልባት ነው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ዝቅ ያለች የጣሊያን ስሪት ስትሆን ከልጃቸው ከሰሚራ በዕድሜ ትበልጣለች። ሰሚራ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ የመኪና ጥገና ተምራ በሙያው የምትተዳደር ልጅ ናት። አባት ዝገቱን ሲፍቁ፣ ልጅ ሞተሩን ስትፈታ ስትገጥም ዓመታት ሄደው መኪናዋ እንደገና መንገድ ወጣች።

ዝግጅቱ

ለመንገድ የተሠራች መኪና ግን እንዲሁ ተነሥታ ውድድር ሜዳ አትገባም። ይህን የተማርኩት ከወንዙ ወደብ አጠገብ፣ መኪና ማንሻ በሰዓት በሚያከራይ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። ከሥራ ስወጣ ብቅ እያልኩ አያቸው ነበር። ሰሚራ ሞተሩን አጠናክራ ፍጥነት የምትጨምር መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ከፍሬኑ ጀመረች። አሮጌውን የፍሬን ዘይት አፍስሳ ከፍተኛ ሙቀት በሚችል ተካችው፤ የፍሬን ሸራዎቹንም ቀየረች።

"ሜዳ ላይ ፍሬን በየኩርባው ነው የሚያዘው" አለችኝ ከመኪናው ሥር ሆና። "ተራው ዘይት ይፈላል። ከፈላ ደግሞ ፔዳሉን ትረግጣለህ፣ ምንም የለም።"

ከዚያ ወደ ሞተር ዘይቱ ዞረች። ረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ሸሽቶ ሞተሩ እንዳይደርቅ የዘይት ገንዳው ውስጥ መከለያ ብረት አስበየደች። የራዲያተሩን ቱቦዎች ለወጠች፤ ምንጣፉን አወጣች፤ መኪናው ቢገለበጥ ጣሪያው እንዳይደፈጠጥ ከወንበሮቹ ጀርባ የብረት ቅስት ገጠመች። ካጠበቀችው ብሎን ሁሉ ላይ በነጭ ቀለም ቀጭን መስመር ትስላለች። ብሎኑ በንዝረቱ ትንሽ ከላላ መስመሩ ይሰበርና ይታወቃል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሳይ ደስ ይለኛል፤ የራሴን ታክሲ ሠሪ አስቤም ትንሽ አዘንኩ።

አባትና ልጅ የተጣሉት በጋቢናው ወንበር ብቻ ነው።

"ይሄ ይውጣ" አለች ሰሚራ። "ዝም ብሎ ክብደት ነው።"

"አይወጣም።"

"ፓፓ፣ ሜዳ ላይ እኮ ብቻህን ነህ። ማን ሊቀመጥበት ነው?"

"ማንም ይቀመጥበት። ሰው የማላስገባበትን መኪና አልነዳም። መንገድ ላይ የማውቀው ሰው ቢያጋጥመኝ ምን ልለው ነው?"

"ውድድር ሜዳ መሃል?" ብላ ሳቀች። ሲብስባት ደግሞ ወደ ጀርመንኛዋ ገብታ አንድ ነገር አጉረመረመች።

ጋሽ ሰዒድ ዞር ዞር ሲሉ እኔን አዩኝ። "ይኸው ታደሰ! ታደሰን የት ላድርገው?"

እኔ የመጣሁት ለማየት ነበር። የተጋበዝኩት እንደዚህ ነው፤ ወንበሩም በእኔ ስም ቀረ።

መንገድ

ሰሚራ ትርፍ ጎማና መሣሪያውን በራሷ ትንሽ መኪና ጭና ከኋላ ስትከተል እኔ ጋቢና ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ ከምል ተኛሁ ብል ይቀላል። የከባድ መኪና ጎማ ከጆሮዬ ትይዩ ነበር። የሞተሩ ድምፅ ከወገብ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። ጋሽ ሰዒድ ቢስሚላህ ብለው ማርሽ ሲያስገቡ እጃቸው ላይ የነበረው ዕድሜ የጠፋ መሰለኝ። የማይንን ወንዝ ተሻግረን፣ አውሮፕላን ማረፊያውን አልፈን ወደ ደቡብ አቀናን።

ከዳርምሽታት በኋላ በግራችን የኦደንቫልድ ኮረብታዎች ወይናቸውን ተሸክመው ይታዩ ጀመር። በቀኝ በኩል ሜዳው እስከ ራይን ወንዝ ድረስ የተዘረጋ ነው፤ የድንች ማሳና አልፎ አልፎ የትምባሆ ማድረቂያ የነበሩ ረጃጅም የእንጨት ቤቶች አሉበት። ጋሽ ሰዒድ ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ረጋ ብለው ይነዳሉ።

"ያ ሰሌዳ ምን ይላል?" አሉኝ እንደ ዋዛ።

"ሃይድልበርግ።"

"እሱማ አውቀዋለሁ። አንተን ልፈትንህ ነው።"

ትንሽ ቆይተው ሌላ ሰሌዳ ጠየቁኝ። አሁንም ፈተና ነው ብዬ አነበብኩላቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን የመጣውን ሰሌዳ ሁሉ ሳልጠየቅ አነበብኩ።

መንገድ ዳር ማረፊያ ላይ ቆመን ባለቤታቸው የጠበሱልንን ሳምቡሳ በላን። ሽንት ቤቱ ሃምሳ ሳንቲም ያስከፍላል። ጋሽ ሰዒድ በዚህ አገር የሚያናድዳቸው ይሄ ብቻ መሆኑን ነገሩኝ።

ሜዳው

ስንደርስ የተለያየ አገርና ዘመን መኪኖች ኮፈናቸውን ከፍተው ተሰልፈዋል። ባለቤቶቹ ደግሞ በየሰው ሞተር ላይ አጎንብሰው ይጠያየቃሉ። ከአጠገባችን የቆመ አንድ ጀርመን ሽማግሌ ሳንለምነው የጎማ ብሎን ማጥበቂያ አዋሰን። መብራቱ ቢሰበር ስባሪው ሜዳው ላይ እንዳይበተን የፊት መብራቶቻችን ላይ ፕላስተር አብሮን ለጠፈ። ተፎካካሪ እንዲህ የሚተጋገዝበት ቦታ አላየሁም።

ከምርመራው በፊት መኪናው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ መውጣት አለበት። ጋሽ ሰዒድ ባዶ መኪና ይዘው መንገድ ወጥተው አያውቁም። የውኃ ጀሪካን፣ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ጃንጥላ፣ መስገጃ፣ የትርፍ ጫማ፣ የሳምቡሳው ትሪ ተራ በተራ ከኋላ ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ተከመረ። ሽማግሌው ቤት እየቀየራችሁ ነው ወይ ብሎ ጠየቀን። ስለ አንድ ወንበር ክብደት የተጨቃጨቀችው ሰሚራ ክምሩን በዓይኗ መዘነችው።

መርማሪው የመጎተቻውን ቀለበት፣ የደኅንነት ቀበቶውን፣ ፍሬኑን አየ። የሰሚራን ነጭ መስመሮች ሲያይ ጎንበስ ብሎ ቆየና ማን እንደሠራው ጠየቀ። ጋሽ ሰዒድ "ማይነ ቶኽተር" አሉ፤ ልጄ ናት ማለታቸው ነው። ቀጥለው በአማርኛም ደገሙለት።

የቀኑ ሕግ ተነገረን። ቀስ ብሎ የሚነዳ ወደ ቀኝ ምልክት አሳይቶ ፈጣኑን ያሳልፍ። ጋሽ ሰዒድ ሄልም የሚሉትን የራስ መከላከያ አጥልቀው ብቻቸውን ገቡ። እኔና ሰሚራ አጥሩን ይዘን ቆምን።

በመጀመሪያው ዙር ሁሉንም አሳለፉ። በሁለተኛው እንደ እሳቸው የምታዘግም አንዲት አሮጌ መኪና ከኋላ ስትመጣ ለእሷም ምልክት አበሩ። የምትነዳት ሴትዮ ግን ማለፍ አልፈለገችም፤ እሷም እንዲቀድሙ ምልክት ሰጠች። በር ላይ "እርስዎ ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ" እንደሚባባሉ ሰዎች ሁለቱም እየቀነሱ፣ እየቀነሱ ሊቆሙ ደረሱ። አጥሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሰሚራ ግን አልሳቀችም።

ጊዜያቸው ሳያልቅ ወጥተው አጠገባችን አቆሙ፤ ሞተሩንም አጠፉ።

"ታደሰ፣ ያሳለፍኳቸው በጨዋነት እንዳይመስልህ" አሉ። "ፍሬን የሚያዝበትን ሰሌዳ ከሩቅ አላየውም። ኩርባውን የማውቀው እላዩ ላይ ስደርስ ነው። ሰው ልጎዳ እችላለሁ።"

ይህን ሁሉ ዓመት፣ ይህን ሁሉ ብሎን አሰብኩ።

ጋሽ ሰዒድ ቀበቶውን ፈተው ወረዱ። ሰሚራ ሁለተኛ ነጂ ሆና ተመዝግባ ነበር፤ ሄልሟም መኪናዋ ውስጥ አለ። "በይ ንጂ" አሏት።

"ኒሽት ኦነ ዲሽ፣ ፓፓ። ያላንተ አልነዳም።"

"ማን ያለ እኔ አለሽ?" አሉና በፊት በኩል ዞረው የጋቢናውን በር ከፈቱ።

ወንበሬን የተቀማሁት እንደዚህ ነው። ሰሚራ አንድ ዙር አሟሟቀችና ለቀቀቻት። ዝቅ ያለችው ቀይ መኪና ከረጅሙ ቀጥታ መጥታ ፍሬን ስትይዝ አፍንጫዋን ትደፋና ኩርባውን ሳትንሸራተት ትጠቀልለዋለች። ድምፁ ካጥሩ ማዶ ደረቴ ውስጥ ይገባ ነበር። ሽማግሌው ጎረቤታችን ሥራውን ትቶ መጥቶ ያይ ጀመር። ስለ መኪና ውድድር የተናገርኩትን ሁሉ በልቤ ወደ ኋላ መለስኩት፤ ያማረ ነገር ነው።

ሲመለሱ የጋሽ ሰዒድ ዓይን ቀልቷል። ነፋሱ ነው አሉ፤ የሄልሙ መስታወት ግን ዝግ ነበር።

"ሰሌዳው አይታየኝም፤ እጇ ግን ቅርብ ነው" አሉኝ። "መሪውን አታንቀውም። እኔ ዕድሜ ልኬን አንቄ ነው የያዝኩት።"

ወደ ቤት

ክምሩን መልሰን ጫንን። እኔ የሰሚራን ትንሽ መኪና ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። እስከ ፍራንክፈርት ድረስ ከፊቴ ሁለት ራሶች ይታዩኝ ነበር። የጋሽ ሰዒድ እጅ ከጋቢናው በኩል እየተነሣ አየር ላይ ኩርባ ይሥላል። ሰሌዳ የሚያነብላቸው አሁን አላስፈለጋቸውም።

ጋሽ ሰዒድ የሚኖሩበት ዚንድሊንገን የደረስነው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ከዚህ ጉዞ በፊት መኪናን ለሜዳ ማሰናዳት ማለት የበለጠ እንድትሮጥ ማድረግ ይመስለኝ ነበር። ሰሚራ ከፍሬኑ የጀመረችበት ምክንያት የገባኝ ጋሽ ሰዒድ በገዛ ፈቃዳቸው ሞተሩን ሲያጠፉ ነው። እኔም ጊዜዬ ሲደርስ እንደ እሳቸው ማቆም እፈልጋለሁ፤ የምችል ግን አይመስለኝም።

ሰሚራ ቁልፉን ነቅላ ለአባቷ ዘረጋችላቸው። ጋሽ ሰዒድ አልተቀበሏትም። ከወንበሩ ለመውጣት እግራቸውን እየሰበሰቡ ትንሽ ታገሉ።

"ፓፓ፣ ታዲያ ወንበሩ እንዳለ ይቅር?" አለቻቸው።

"ይቅር" አሉ። "ግን ትንሽ ወደ ኋላ ሳቢልኝ፤ እግሬን ጠቦኛል።"