ግራ የጠፋባት ሰፊ

ሰፈርተኛው «ሬዲዮ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ከፎቁ ደረጃ ሥር ያለች፣ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር የያዘች ጠባብ ክፍል ናት። ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ሰው የሰፈሩን ወሬ ጠግቦ፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ነው የሚወጣው። እጇም እንደ አፏ ፈጣን ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ኮሌታ ስትተኩስ ግራ እጇና ግራ እግሯ ከዷትና ወደቀች። የአውቶቡስ ሹፌር የሆነው ባሏ «ስትሮክ ነው» ተብሎ ከሥራ ተጠርቶ ሐኪም ቤት እየሮጠ ደረሰ። እሷ ግን አልጋው ላይ ጋደም ብላ ከነርሷ ጋር ጨዋታ ይዛለች።

«ምነው ፊትህ አመድ መሰለ? የታመምኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» አለችው።

እፎይ አለ። አፏ ደህና ከሆነ ሚስቴ ደህና ናት ብሎ አሰበ።

ቤት ከገቡ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። እጇ ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ፤ እግሯም ረገጠ። ሆኖም ከሳህኑ የቀኙን ግማሽ ብቻ በልታ «ምነው አሳነስክብኝ?» ትለዋለች። ሳህኑን ሲያዞርላት «ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው?» ብላ ትገረማለች። በር በገባች ቁጥር ግራ ትከሻዋ ከመቃኑ ጋር ይጋጫል። ባሏ በግራዋ ቆሞ ሲጠራት ወደ ቀኝ ዞራ ትፈልገዋለች።

«አንቺ ሰው፣ እዚህ ነኝ እኮ!»

«ተደብቀህ ነዋ!»

ችግር አለብሽ ቢላት አልሰማ አለች። ድሮም ተከራክሮ ረትቷት አያውቅም።

ሱቋን ከፈተች። የመጀመሪያው ደንበኛ ላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ መምህር ነበሩ። ከመታመሟ በፊት ቆርጣ ያስቀመጠችውን ኮታቸውን ሰፍታ፣ ተኩሳ፣ ሰቅላ ጠበቀቻቸው።

መምህሩ ኮቱን አገላብጠው፣ ደግመው አዩት።

«ምነው፣ አልወደዱትም?»

«ወድጄዋለሁ። ግን... ሁለተኛው እጅጌስ?»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ኮቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ እጇን ይዘው ወደ ግራ ወሰዱት። ጣቶቿ ክፍት የብብት ቀዳዳ ነኩ። የተቆረጠው እጅጌ ከመኪናው በስተግራ እንደተጣጠፈ ቁጭ ብሏል።

ያን ቀን ሬዲዮ ተዘጋች። ለባሏ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ነገ ሐኪም ቤት ውሰደኝ።»

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ከጠረጴዛዋ ላይ የፕላስቲክ አንጎል አንስታ ለሁለት ከፈለችው።

«ይሄ ግራው ነው። በብዙ ሰው ቋንቋን የሚይዘው እሱ ነው። የፊተኛው ክፍል ቃል ለማውጣት፣ ከጆሮ አጠገብ ያለው የሰሙትን ለመረዳት ይሠራል። የእርስዎ አልተነካም፤ ለዚህ ነው ጨዋታዎ ያልቀነሰው። የተጎዳው ቀኙ ነው፤ እዚህ፣ ወደ ኋላ ከፍ ብሎ። ትኩረትን የሚመራው ይሄ ቦታ ነው። የግራው አንጎል በአመዛኙ ቀኝ ቀኙን ብቻ ይጠብቃል። ቀኙ ግን ሁለቱንም ወገን ነው የሚጠብቀው። እሱ ሲጎዳ በግራ በኩል ጠባቂ ይጠፋል። ዓይንዎ ያያል፤ ልብ አይሉትም እንጂ።»

«እኔ ደግሞ ልብ ማለት የልብ ሥራ ይመስለኝ ነበር» አለች። «ዕድሜዬን ሙሉ ግራ ገባኝ ስል ኖሬ፣ ጭራሽ ግራው ራሱ ይጥፋብኝ?»

ሐኪሟ ሳቋ አመለጣት። ሰፊዋ ግን ወዲያው ኮስተር አለች። «ይመለሳል?»

«ብዙው ሊመለስ ይችላል። በራሱ ግን አይመጣም፤ ሄደው መፈለግ አለብዎት። በግራዎ ጠርዝ ላይ ደማቅ ነገር ያድርጉ። እሱን ሳያገኙ ምንም ሥራ አይጀምሩ።»

ሱቋ ገብታ ቀይ ጥብጣብ አወጣችና በጠረጴዛው ግራ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች ለጠፈች። አንጎሏ ቢረሳ አፏ እንዲያስታውሳት ብላ ራሷን ጮክ ብላ ማዘዝ ጀመረች። «ወደ ግራ! ገና ነው፣ ሂጂ! ቀዩ የታለ? አዎ፣ አሁን ቁረጪ።» በደጅ የሚያልፍ ሰው ከሠራተኛ ጋር የተጣላች ይመስለው ነበር። ባሏንም በግራዬ ካልሆነ እንዳትቀመጥ አለችው። ስትጠራው ከቦታው ሳይነቃነቅ «ፈልጊኝ» ይላታል።

ቀላል አልነበረም። የኮቱን ገበር አጣማ ሰፍታ ትፈታዋለች፤ መልሳ ታጣምመዋለች። አንድ ቀን መርፌው ግራ ጣቷን ወጋት። ያወቀችው ደሙ ጨርቁን ካበላሸ በኋላ ነው። ባሏ አላስቻለውም።

«በቃሽ! ማን አስገደደሽ?»

«እኔ። ዛሬ ከተውኩት ዕድሜ ልክህን ሳህን ስታዞርልኝ ልትኖር ነው?»

ቁራጭ ጨርቅ አነሳ። ጣቷን አሰረላትና ከጎኗ ቁጭ አለ።

በመጨረሻ መምህሩ ኮቱን ለበሱት። ሁለቱም እጅጌዎች በቦታቸው አሉ። ክንዳቸውን አጠፍ ዘርጋ አደረጉና አመነቱ። «ግራው ትንሽ...»

«ይረዝማል! አይቼዋለሁ! ከእርስዎ በፊት ነው ያየሁት!» ብላ ከጀርባቸው ቆማ ጮኸች። ኮቱን አስወልቃ፣ በጠመኔ ምልክት አድርጋ መፍታት ጀመረች።

ዛሬም አስፋልት ብቻዋን አትሻገርም። ሲደክማት ግራው ይደበዝዝባታል፤ ያኔ መቀሱን አስቀምጣ ሱቁን ትዘጋለች። በቅርቡ የነርሶች ጋዋን ትዕዛዝ ተቀብላ ባሏ በዛብሽ ቢላት፣ «ይብዛ፤ አንገቴን ወደ ግራ የሚያዞርልኝ ሥራው ነው» አለችው።