ለእንግዳ የጠፋ እሳት

ሥራነሽ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አረቄ እያወጣች የምትሸጥ ሴት ናት። የሰፈሯ ሴቶችም እንጀራቸው ይኸው ነው፤ ጭሱ ከየጓዳው እየወጣ መንደሩ ላይ ተኝቶ ይውላል። ክረምት እንጨቱ ሲረጥብማ ዓይን አያስገልጥም። ልጇ ወንጌላዊት ያደገችው እየሳለች ነው።

ጥር ላይ ምናለ የሚባል ተመራማሪ መጣ። የከተማው አየር ከሰፈር ሰፈር፣ ከበጋ ክረምት እንዴት እንደሚለያይ ይለካል።

«እትዬ፣ ይቺ መሣሪያ አንድ ሳምንት እርስዎ ዘንድ ትቆይ» አላት፣ ነጭ ሳጥን ከጣሪያው ሥር እየሰቀለ። «ጭስ ለባሰበት ሰፈር ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ይሠራለታል። እርስዎ ብቻ እንደ ወትሮዎ ይሥሩ።»

እንደ ወትሮዎ! እንግዳ ቤቱ ተቀምጦ እንደ ወትሮው የሚኖር ማን አለ? ሥራነሽ የሰው አደራ በጥላሸት ማጥቆር ነውር ሆኖ ታያት። ጎረቤቶቿን ሰብስባ፣ «የሰው ዕቃ እንዳታጠቁሩብኝ፤ ሳጥኗ እስክትሄድ የእንጨት እሳት ይቅር» አለቻቸው። የዕድሩ ሰብሳቢ እሷ ናትና ማን እምቢ ይበላት? ሥራ ተፈትቶ ሰፈሩ በከሰል ብቻ ሰነበተ። አቧራ እንዳይነሳም ደጁን ውሃ ትረጭ ነበር። ሐምሌ ላይ ሳጥኗ ስትመለስ ያንኑ ደገመችው።

መስከረም ጠብቶ ውጤቱ በቀበሌው አዳራሽ ተነገረ።

«በበጋም በክረምትም ከሁሉ የጠራው አየር የእትዬ ሥራነሽ ሰፈር ነው» አለ ምናለ። ሰዉ አጨበጨበ። ምድጃዎቹ ለሌላ ሰፈር ተሰጡ።

ሥራነሽ ብድግ አለች። «ኧረ ልጄ፣ እሳቱን አጥፍተን እኮ ነው! እንግዳ ነው ብለን!»

ምናለ ደነገጠ። ቀድሞ አለመጠየቁ እሱንም ጸጸተው፤ ግን እንደገና የሚለካበት በጀት አልነበረውም። ጎረቤቶቿ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሯትም። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ማታ እሳቱን አንድዳ ቆማ ቀረች። ወንጌላዊት ሳሏ ሲያባራላት ቀና አለች።

«እማዬ፣ ያቺ ሳጥን መቼ ነው የምትመጣው?»

«ምን አደረገችልሽ?»

«እሷ ስትመጣ እኮ ደረቴን አያመኝም።»