የተሰረቀ የማጣሪያ ጠጠር

በወዳጆቼ ሁሉ ፊት እናዘዛለሁ፦ ዛሬ ከጎረቤታችን ከእትዬ ብርቄ ግቢ አንድ ባልዲ ጠጠር ሰርቄያለሁ። ያውም ዝልግልግ ያለ፣ ከፍሳሽ ማጣሪያቸው ውስጥ የተዛቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወልቂጤ ውስጥ ለመስቀል የማይታጠብ ነገር የለም። አባዬ ግድግዳውን ቀባ፣ ምንጣፉን አጠበ፤ አልበቃው ብሎ የመጸዳጃ ቤታችንን ፍሳሽ የሚያጣራውን ጠጠር አውጥቶ በበረኪና ፈተገው።

«ከአዲስ አበባ እንግዳ እየመጣ እንዲህ ጠቁሮ ይታያል?» አለ። እንግዳ መጥቶ ማጣሪያ ከፍቶ የሚያየው ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ጠጠሩ እንደ እንቁላል ነጣ። ከዚያ ግቢው መሽተት ጀመረ።

ማጣሪያውን የሠራልን ባለሙያ በስልክ ሲሰማ ሳቁ አላስወራው አለ። «ጋሼ፣ ቆሻሻውን የሚበሉት እኮ ጠጠሩ ላይ የተጣበቁት ተህዋስያን ናቸው። ፈጇቸው! በደንብ ከሚሠራ ማጣሪያ ጠጠር ለምነው ይጨምሩበት፣ ቀስ እያለ ይመለሳል።»

ለምነው! አባዬ እኮ ባለፈው ሳምንት እትዬ ብርቄን «ማጣሪያሽን አታጥቢም እንዴ? ያሳፍራል» ሲላቸው ነበር።

እንግዶቹ ነገ ይገባሉ። አባዬ ለመለመን አፈረ፤ ልጁን ለስርቆት ለመላክ ግን አላፈረም። «ማንም እንዳያይህ» አለኝ።

እናንተስ ቤት የበዓል ጽዳት ምን አበላሽቶ ያውቃል? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ እኔ አጥር ስር ቁጭ ብዬ አነባለሁ።

ቆይ፣ እትዬ ብርቄ ከአጥሩ ማዶ ብቅ አሉ።

«ናሆም! ያ ብቻ አይበቃችሁም። አባትህን ጥራውና የቀረውን እሱ ራሱ ይዛቅ!»