ከእጥበት ክፍሉ ወለል ሥር

ውበቱ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ማላኺ ከተማ ውስጥ በአንድ የብረት ዕቃ ፋብሪካ አሥራ አራት ዓመት ሠርቷል። ከማሽን የወጡ ቅባታም ብረቶችን በሽቦ ቅርጫት ደርድሮ ኬሚካል ገንዳ ውስጥ ይነክራል፣ ያወጣል፣ ያንጠፈጥፋል። ኬሚካሉ ጣፋጭ ሽታ ነበረው። ራሱን ሲያዞረው በር ላይ ወጥቶ አየር ይወስድና ይመለሳል።

ገንዳው ሲቆሽሽ የት እንደሚደፋ የሚነግረው ዘበነ ነበር፤ የፈረቃው አለቃ፣ አብሮ አደጉ። ከአንድ ቀዬ ተወልደው፣ ወደ እስራኤል እስኪገቡ ድረስ ጎንደር ከተማ በአንድ ግቢ አምስት ዓመት ተራ ጠብቀዋል። ከገቡ በኋላ ዘበነ ዕብራይስጡን ቶሎ ለቀም አደረገ። ውበቱ ግን መናገሩም ማንበቡም ሳይሆንለት ቀረ። የባንኩን፣ የሐኪሙን፣ የትምህርት ቤቱን ወረቀት ሁሉ ዘበነ ነበር የሚያነብለት። ልጁን ሪናትን ሲድርም ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠው እሱው ነው።

ፋብሪካው ከተዘጋ ስምንት ዓመት አልፎ፣ አጠገቡ ባለው ሞሻቭ፣ በገበሬዎቹ መንደር፣ አትክልት የሚያጠጡበት ጉድጓድ ውኃ ተመረመረና ኬሚካል ተገኝቶበት ተዘጋ። ከዚያ በፋብሪካው ግቢ መቆፈሪያ መኪና ገባ። ባንድ ማክሰኞ ጠዋት ሲቫን የምትባል ወጣት ለውበቱ ደወለች። እዚሁ እስራኤል የተወለደች የኢትዮጵያውያን ልጅ፣ የከርሰ ምድር ውኃ መርማሪ ናት።

«ጋሼ ውበቱ፣ ፋብሪካው ውስጥ የሠራ ሰው እንፈልጋለን። መጥተው ቢያሳዩን?»

«ቤሰደር፣ እሺ ልጄ፣ እመጣለሁ» አለ። ከጡረታ ወዲህ ለሥራ የፈለገው ሰው አልነበረምና ደስ ብሎት ሸሚዙን ቀየረ።

ሲቫን ግቢው ውስጥ ከአዲስ ቱቦ ውኃ እየቀዳች ትንንሽ ብልቃጥ ትሞላ ነበር። አንዲት የአየር አረፋ እንኳ እንዳትቀር አፉ ድረስ ትሞላና ትከድነዋለች። «ኬሚካሉ በአየር ይጠፋል። አረፋ ካለ ቁጥሩ ይዋሻል» አለችው። ቀጥላም ያስቸገራትን ነገረችው፦ የመሬቱ ውኃ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባሕሩ ነው የሚሄደው። በፋብሪካው መዝገብ ላይ ያለው መድፊያ ጉድጓድ ደግሞ በምዕራቡ አጥር ሥር ነው። ታዲያ በምሥራቅ በኩል፣ ውኃው ገና ከሚመጣበት፣ ለምን ይኼን ያህል ኬሚካል ተገኘ?

«ስለ መድፊያው ጉድጓድ ማን ነገራችሁ?» አላት።

ሲቫን ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። «እርስዎ ጽፈውት የለ? እኔ የሚያውቁ መስሎኝ ነው።»

የዕብራይስጡን ጽሑፍ በተሰባበረ አማርኛዋ ቀስ እያለች እየተረጎመች አነበበችለት። «ያገለገለውን ማጠቢያ፣ አለቆቼ ሳያውቁ፣ በራሴ ፈቃድ ከአጥሩ ሥር እደፋ ነበር። እንዳይደገም ተነግሮኛል።» ከሥሩ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ የራሱ ስም አለ። ከስሙ ዝቅ ብሎ ደግሞ በዕብራይስጥ፦ «በአማርኛ ተርጉሜ አስረድቼዋለሁ፤ ዘበነ።»

ያ ቀን ትዝ አለው። ዘበነ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ፣ «ጓንትና ጭምብል ሊሰጡን ነው፤ መቀበያው ነው፤ ያላ፣ ቶሎ በል፣ እዚች ጋ ፈርም» ብሎት ነበር። በሳምንቱ ጓንቱም ጭምብሉም በእርግጥ መጣ። ስለዚህ ነገሩን ዳግም አላሰበውም።

«ልጄ፣ ነገ እመለሳለሁ» አለና ወጣ። አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ የመጣው ዘበነ ወደሚኖርበት ወደ ገዴራ የሚሄደው አውቶቡስ ነበር፤ ተሳፈረ።

ዘበነን በረንዳው ላይ ብርቱካን ሲልጥ አገኘው። «እንዴ! ሳትደውል? ታፈሰች፣ ውበቱ መጥቷል!» ብሎ ሚስቱን ጠርቶ ወንበር ሳበለት። ውበቱ አልተቀመጠም።

«ለጓንት ነው ያልከኝ ወረቀት ምን ነበር?»

የዘበነ ቢላ ቆመ። «የቱ ወረቀት?»

«ዛሬ ተነበበልኝ።»

ዘበነ ወደ ቤት ዘወር ብሎ ሚስቱ እንዳልሰማች አየ። «ስማ፣ ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው ተባለ። ሜናሄሉ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ጠራኝና ከሁለታችሁ ያንዳችሁ ስም ወረቀቱ ላይ ይገባል አለኝ። የኔ ከገባ ከአለቅነቴ እነሳለሁ። ፋይል ውስጥ ይቀራል፣ ማንም አይከፍተውም አለኝ።»

«የኔስ ሲገባ?»

«አንተን ማን ይጠይቅሃል ብዬ ነዋ!»

ውበቱን ከወረቀቱ ይልቅ ይኼ ቃል አመመው። ለሃያ ዓመት ወረቀቱን ሁሉ እጁ ላይ ሲያስቀምጥለት፣ ወዳጁ እንደዚያ ነበር የሚያየው፤ ማንም የማይጠይቀው ሰው።

«በኔ ድንቁርና ላይ ተረማምደህ ነው የተሻገርህ» አለው። ታፈሰች ሻይ ይዛ ስትወጣ እሱ ደረጃውን ወርዶ ነበር።

ቤቱ ሲደርስ ለሚስቱ ለታንጉት ነገራት። እሷም «ከጎንደር ጀምሮ እንጀራችንን የበላ!» አለች።

በማግሥቱ ውበቱ ግቢው ተመለሰና ለሲቫን አንድም ሳያስቀር ተናገረ። «ደፍቻለሁ፤ አልክድም። ታዝዤ ነው የደፋሁት። ግን አጥሩ ሥር መድፋት የጀመርነው በመጨረሻው ሦስት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የት ይሄድ እንደነበር ላሳይሽ።»

ጣሪያው ወደ ወረደው እጥበት ክፍል ወሰዳት። በምሥራቁ ግድግዳ ሥር አቧራውን በእግሩ ጠረገ፤ በሲሚንቶ የተደፈነ አራት ማዕዘን ብቅ አለ። «ይኼ የወለል መውረጃ ነበር። ከሥሩ ማጠራቀሚያ አለ ይሉ ነበር። ሜናሄሉ ራሱ ነው ያስደፈነው።»

ወለሉ ተሰብሮ ሲታይ ማጠራቀሚያው ከታች ተሰንጥቋል። ኬሚካሉ ከውኃ ስለሚከብድ፣ በስንጥቁ እየወጣ አሸዋውን ሰርስሮ ወርዶ ኖሯል። ከዚያ የተወሰደው ብልቃጥ ከአጥሩ ሥር ከተወሰደው መቶ እጥፍ በልጦ ተገኘ። ያ ጣፋጭ ሽታ ገና ወለሉ እንደተነሳ ነበር የወጣው፤ ውበቱ ፊቱን አዙሮ ወደ ውጭ ሄደ።

ዘበነም ተጠርቶ ተጠየቀ። «አላስታውስም» ብሎ ሄደ። ሲቫን ይህን ስትነግረው ውበቱ ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልተገረመም። የራሱን የውበቱን ቃል ወደ ዕብራይስጥ አስተርጉማ ስታመጣለት ግን ብዕሩን አልተቀበላትም። «አትቀየሚኝ፤ ልጄ ሪናት ታንብብልኝ» ብሎ ወረቀቱን ይዞ ያቭኔ ከተማ ወደምትኖረው ወደ ሪናት ሄደ፤ ሁለት ጊዜ አስነብቦ ፈረመ። የሲቫን ዓይን ግን እንባ አቅርሮ እንደነበር አይቷል፤ እሱም አሳዘነው። ሌላ በበደለው እሷ ተጠርጥራለችና።

የምርመራው ጽሑፍ ሲወጣ ብክለቱ በፋብሪካው ትእዛዝ ከተሠራው ማጠራቀሚያ እንደመጣ ተጻፈ። የድሮው ወረቀት ግን ከመዝገቡ አልወጣም፤ የውበቱ ስምም እንዳለ ነው። ውኃውን ለማጥራት ዓመታት ይፈጃል ተባለ፤ የሞሻቩ ጉድጓድም እንደተዘጋ ነው።

በመከር ዘበነ የልጅ ልጁን ጋን ያቭኔ ከተማ ዳረ። የጥሪው ወረቀት ለሁለቱም መጣ። ታንጉት ለታፈሰች ስትል ለመሄድ ተነሣች። ነጠላዋን እየተከናነበች፣ «ምን ልበላቸው? አሞታል ልበል?» አለችው።

«አሞታል አትበይ» አላት። «መምጣት አልፈለገም በያቸው።»