ትንንሹን አልገዛም ያለችው ደስታነሽ

ደስታነሽ የሆሳዕና ልጅ ናት። ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ በሚባል ሰፈር ከታናሽ ወንድሟ ከሀቢሶ ጋር ስፓዛ የሚሏትን ትንሽ የሰፈር ሱቅ ይዛ ሳለች፣ ከሞዛምቢክ የሚመላለሱ ደንበኞቿ የባሕር ኪያር የሚባል ነገር አስተዋወቋት። በባሕር ወለል አሸዋ ላይ የሚኖር አጥንት የለሽ ፍጡር ነው፤ ተቀቅሎ ሲደርቅ እንደ ከሰል ይጠቁራል። ቻይናውያን ነጋዴዎች ግን ለድግስ ይሻሙበታል። ፈቃድ አውጥታ ከአንድ የሞዛምቢክ መንደር እያስመጣች ትሸጥ ጀመር። ንግዱ አነሳትና ጀርሚስተን ከተማ ላይ ሰፊ ሱቅ ከፈተች።

ዓመታት ሲያልፉ ጆንያው እንደ ወትሮው ሞልቶ ቢመጣም ውስጡ ያለው እየቀጨጨ ሄደ። የትንሹ ዋጋ ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ነገሩ ቢያሳስባት አውቶቡስ ተሳፍራ መንደሩ ድረስ ወረደች።

የአጥማጆቹ ሽማግሌ አብዱልወሀብ ባሕሩን እያዞሩ አሳዩዋት። ሴቶቹ በእግራቸው ገብተው ይለቅሙበት የነበረው ዳርቻ ባዶ ነው። ጀልባዎቹ ሩቅ ስለሚሄዱ ትርፉን ነዳጅ ይበላዋል። የሽማግሌው የበኩር ልጅ እጅግ ጠልቆ ሲፈልግ ጆሮው ደንቁሮ ቤት ውሏል።

"ትልልቁ ሲያልቅ ወደ ትንሹ ዞርን" አሏት። "ትንሹ ዋጋ ስለማያወጣ ደግሞ አብዝተን እንለቅማለን። ሳይራባ ከየት ይምጣ? እናውቃለን፣ ልጄ። ግን ምን እንብላ?"

ደስታነሽ ያን ጥያቄ ይዛ ተመለሰች።

"ከእንግዲህ ትንንሹን አልገዛም" አለችው ሀቢሶን።

"እትዬ፣ አንቺ ብትተዪው ሌላው ይገዛዋል እኮ!"

"ይግዛ። እኔ ግን የእነዚያን ሰዎች ነገ አልሸጥም።"

እምቢታ ብቻውን እንደማያበላ ታውቃለች። መንደሩ ውስጥ ለውዝ መሰል ፍሬ የሚሰጥ የካሹ ዛፍ ሞልቷል። ካሹውን በሙሉ ልትረከብ፣ መንደርተኞቹም የቅርቡን ዳርቻ ለቀማ እንዳይደረግበት ሊዘጉ ተስማሙ። ሴቶቹ ባሕሩ ላይ እንጨት ተክለው ድንበሩን በተራ ይጠብቁ ጀመር።

መጀመሪያው ከባድ ነበር። ትልቁ ገዢዋ ጥሏት ሄደ፤ የሱቋን ግማሽ ለሌላ አከራየች። ታክሲ ተራ ቆማ "ሳውቦና!" እያለች በዙሉ ቋንቋ አላፊ አግዳሚውን ሰላም እያለች በትንንሽ ላስቲክ ካሹ ሸጠች። ሀቢሶም እያጉረመረመ ያሽግላት ነበር።

ጎረቤት መንደር ለቀማውን አላቆመም። ዛሬ ጀልባዎቻቸው አሸዋ ላይ ቆመዋል፤ ወንዶቻቸው ሥራ ፍለጋ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር መጥተዋል። በተዘጋው ዳርቻ ግን የባሕር ኪያሩ ተመልሷል። ሴቶቹ ወቅቱን ጠብቀው ትልልቁን ብቻ ያወጣሉ፤ ጥሏት የሄደው ገዢም ራሱ መጥቶ በሯን አንኳኳ።

ባለፈው ዓመት የሌሎች መንደሮች ሽማግሌዎች እንድትመክራቸው ጠሯት። ሀቢሶንም ይዛው ሄደች። ባሕሩ ዳር ቆማ በተሰባበረ ፖርቱጋልኛ ስትናገር ሕዝቡ አዳመጣት። ሀቢሶ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ውኃው ውስጥ እንደ ቆመ፣ አጠገቡ ላለው ሁሉ "እህቴ ናት፤ የእናቴ ልጅ!" ይል ነበር።